ጥፋት ሳይኖር የሚጠየቅ ሰው

የሺጥላ ሊፈታው የተነሣው ችግር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የጎረቤት ውሻ ሰው ሲነክስ፣ መኪና አጥር ጥሶ ሲገባ፣ ከፎቅ ላይ ብሎኬት ሲወድቅ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚከስ በአማርኛ ያውቀዋል። በኦሮምኛም ያውቀዋል። ሰበታ ላይ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ተክሎ ሃያ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው? የቸገረው ይኸው ነገር በእንግሊዝኛ ሲመጣበት ነው። በአርባ አምስት ዓመቱ የማታ ሕግ ትምህርት ጀምሮ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ከሰበታ አየር ጤና ተመላልሶ፣ ኮርሱን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ በመውጫ ፈተናው አርባ ሰባት አመጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ከመውደቁ ይልቅ የገረመው የወደቀበት ቦታ ነው። ከፈተናው ወጥተው ከክፍል ጓደኛው ከፈቲያ ጋር መልስ ሲያስተያዩ፣ የቤተሰብ ሕጉንም የወንጀሉንም ደህና ሠርቶታል። የሳተው ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት የተጠየቀውን ነው፤ ያውም ሁሉንም ለማለት ትንሽ እስኪቀር ድረስ። ይህ የሕግ ክፍል ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ የዕለት ተዕለት ነው። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይዋዋሉ፣ ምናልባትም ሳይተዋወቁ፣ አንዱ በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ማን ይጠየቅ የሚለውን የሚመልስ ነው። የሺጥላ በዕድሜው ከጻፋቸው ክሶች ግማሹ ይኸው ነው።

ስለዚህ ችግሩን እንደ ሥራ ያዘው። የተበላሹ ማመልከቻዎች ጀርባቸው ንጹሕ ነው፤ እነሱን በአራት በአራት እየቆረጠ በአንድ ቁራጭ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል። ከላይ እንግሊዝኛው፣ ከሥሩ አማርኛው፣ ቀጥሎ ኦሮምኛው፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ቃሉን የሚያስታውስ አንድ የሰበታ ወሬ። ኔግሊጀንስ፦ ቸልተኝነት፤ ስልክ እያወራ የሻይ ቤቱን በረንዳ የገጨው ሾፌር። ኮዜሽን፦ ጉዳቱን ያመጣው ምን እንደሆነ መለየት፤ ልጅቷ ቦይ ውስጥ የገባችው ቦዩ ሳይከደን ስለተተወ ነው ወይስ የመንገዱ መብራት ስለጠፋ? ቪኬሪየስ ላያቢሊቲ፦ ሌላው ባደረገው መጠየቅ፤ የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ዳቦ ሊያደርስ በሞተር ሲከንፍ ሰው ቢገጭ የዳቦ ቤቱ ባለቤት። ቁራጮቹ ከቁም ሣጥኑ አንሥቶ እስከ ፍሪጁ በር ድረስ ተለጠፉ። ባለቤቱ ወይዘሮ አትክልት አንድ ቀን እንቁላል ልታወጣ ስትል አንዱ እጇ ላይ ቀረና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ለፈረንጅ ልናስረክበው ነው እንዴ?» አለችው።

ከቁራጮቹ ሁሉ የሚወደው ላያቢሊቲ የሚለውን ነበር። የሚወደው ስለ እንግሊዝኛው ሳይሆን ስለ ኦሮምኛው ነው። ኢቲ ጋፈተሙማ ይላል፤ ስለ አንድ ነገር የሚጠየቁ መሆን እንደማለት። ቃሉን ያስተማሩት ኦቦ ቦጂያ ናቸው።

የሺጥላ ተክለሃይማኖት አካባቢ የነበረው የቤተሰቡ ኪራይ ቤት ሲፈርስ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ የጽሕፈት መኪና ተሸክሞ ሰበታ ሲገባ፣ የሚያውቀው ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ፍርድ ቤቱ ደግሞ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ኦቦ ቦጂያ የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ ለድንበር ክርክር መጥተው አጠገቡ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡና የጻፈላቸውን አንብብልኝ አሉት። አነበበላቸው። ሰውየው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይህን ለዳኛ ብትሰጥ ዳኛው ይታመማሉ» አሉት። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ከፉሪ ሲወርዱ እሱ ዘንድ ሳይቀመጡ አያልፉም ነበር። ደንበኛ ሲኖር ዝም ይላሉ፤ ደንበኛው ሲሄድ የተሳተውን ያርማሉ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። እንጀራው የቆመው በእሳቸው አፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ከኦቦ ቦጂያ ግቢ በላይ ዳገቱ ላይ ፎቅ ያሠራ ጎረቤት የግንብ አጥሩ ተንሸራቶ በጓሮ በኩል ባለው ማዕድ ቤት ላይ ወረደ። ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው አዴ ዲንቄ ናቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ እግራቸው ግን ከጭኑ ተሰብሮ ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልቆመም። ክሱን የጻፈው የሺጥላ ነው። ለማንም ያልጻፈውን ያህል ተጨንቆ ጻፈው።

ክሱ በተሰማበት ቀን ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተከሳሹ መሐንዲስ አቀረበ፤ ፈቃዱን አቀረበ፤ የዚያ ዓመት ዝናብ ከልክ ያለፈ እንደነበር አስመሰከረ። ዳኛው ወደ ኦቦ ቦጂያ ዞረው፣ «ቸልተኛ ነበር ብለው ከሰዋል። ምኑ ላይ ነው ቸል ያለው? ያስረዱን» አሉ። ኦቦ ቦጂያ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። የሺጥላ አፉ ድረስ የመጣውን ነገር ዋጠው፤ የጻፈ ሰው ሁሉ በዚያ ቤት መናገር አይችልም፤ ለመናገር ጠበቃ መሆን ያስፈልጋል። ክሱ ውድቅ ሆነ። ከአዳራሹ ሲወጡ ኦቦ ቦጂያ ትከሻውን መታ አደረጉና፣ «ወረቀቱ ጥሩ ነበር። የጠፋው የሚናገር ሰው ነው» አሉት።

በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ ዳገት የሌለበት ቦታ ፍለጋ ሱሉልታ፣ ድርቆሽ የሚነግደው ልጃቸው ሞቱማ ዘንድ ሄዱ። መጀመሪያ በየበዓሉ ስልክ ነበር። ቀጥሎ በዓመት አንዴ ሆነ። ከዚያ እሱም ቀረ። የሺጥላ ግን እስካሁን በገበያ ቀን ከፉሪ የመጣ ታክሲ ሰው ሲያራግፍ እጁ ከኪቦርዱ ላይ ይነሣል። አንድ ቃል ሲጠፋበት፣ «ይህ እንዴት ነበር የሚባለው?» ሊል አንገቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ የማያውቀው ደንበኛ ያፈጥጥበታል። የሕግ ትምህርት የጀመረውም ለዚህ ነው። ፈተናውን አልፎ፣ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ፣ ሱሉልታ ሄዶ ከፊታቸው ሊቆምና «አሁን የሚናገር ሰው አለ» ሊላቸው። ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። ሦስት ነጥብ ጎደለው እንጂ።

ፈቲያ በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያለፈችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከቡራዩ እየተመላለሰች አዲስ አበባ አንድ ኢንሹራንስ ውስጥ የመኪና ግጭት ዶሴ ትሠራለች። የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ያስጠናት የሺጥላ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው የሱን ደካማ ጎን እንድታየው ተስማሙ። የቃል ቁራጮቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አንዱም አልተሳሳተም። ግራ ገባት።

«ጋሼ፣ ቃሉንስ ከኔ በላይ ያውቁታል። ምን እየሆኑ ነው የሚሳሳቱት?»

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቅሽ!»

«እሺ፣ እንግሊዝኛውን እንተወው። በቡራዩ ቋንቋ ልጠይቅዎት።» እግሯን አጣጥፋ ዴስኩ ላይ ወጣች። «አከራያችን ላም አለቻቸው። በወፍራም ገመድ፣ በጠንካራ ግንድ ላይ አስረዋታል። ላሚቱ በጥሳ ወጣችና የጎረቤትን የሱቅ መስታወት አደቀቀችው። አከራያችን ይጠየቃሉ?»

«በደንብ አስረዋታል?»

«መርከብ ያቆማል ገመዱ።»

«ታዲያ ምን አጠፉ? አይጠየቁም።»

«ያዝኩዎት!» ብላ አጨበጨበች። «ሦስት ነጥብዎት ያለው እዚህ ላም ላይ ነው። ሕጉ ምን አጠፉ አላለም እኮ። ላሟ የማን ናት ነው ያለው። አለቀ።»

«ምንም ሳያጠፉ?»

«ምንም ሳያጠፉ። ወተቱን ሲጠጡ ደስ ብሏቸዋል፤ ጣጣዋም የሳቸው ነው። ስትሪክት ላያቢሊቲ ብለው የጻፉት ቁራጭ አለ አይደል? እሱ ማለት ይኸው ነው።»

ቁራጩ አለ። በትክክል ተጽፏል፤ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት ይላል። ነገር ግን ከሥሩ የሰበታ ወሬ የለበትም፤ ቦታው ባዶ ነው። የሺጥላ ትርጉሙን ሸምድዶታል እንጂ እንዲህ ያለ ሰው በአእምሮው ውስጥ አልነበረም። ለሱ የሚጠየቅ ሰው ማለት ያጠፋ ሰው ነው። ጥያቄ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ጥፋተኛውን መፈለግ ነው፤ ጥፋተኛ ካጣ «ማንም አይጠየቅም» የሚለውን መልስ ይመርጣል።

ፈቲያ ቁራጮቹን ዴስኩ ላይ በሦስት ክምር አስደረደረችው። በመጀመሪያው ክምር፣ ሰው ስላጠፋ የሚጠየቅባቸው ገቡ፤ አስቦ ያደረገውም፣ ቸል ብሎ ያደረገውም። በሁለተኛው፣ ሰው ምንም ሳያጠፋ ነገሩ የሱ ስለሆነ ወይም አደገኛ ሥራ ስለያዘ ብቻ የሚጠየቅባቸው። በሦስተኛው፣ ሌላ ሰው ባጠፋው የሚጠየቅባቸው፤ አባት በልጁ፣ አሠሪ በሠራተኛው። ሲታይ እንዴት ደስ ይላል! አንድ ጉዳት ሲመጣ ሦስቱን በር በየተራ ማንኳኳት ነው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ሊከፈት ይችላል። የሺጥላ ከመቀመጫው ተነሥቶ ክምሮቹን ከላይ አያቸው። አምስት ዓመት ተበታትኖ የነበረው ቃል ሁሉ ቤት ቤቱ ገብቷል። ፊቱ በራ።

«እና ከላም ሌላ በዚህ በመሀለኛው ክምር ምን ምን አለ?» አለ።

«መኪና አለ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አደገኛ ነገር አለ። ሕንፃ አለ።»

«ሕንፃ ምን?»

መጽሐፉን ገልጣ አነበበችለት። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ይጠየቃል።

«የግንብ አጥርስ?»

«ግንብ ግንባታ አይደል እንዴ?»

«ባለቤቱ መሐንዲስ ቀጥሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ ቢሆንም?»

«ቢሆንም።»

«ዝናቡ ከልክ ያለፈ ቢሆንም?»

ፈቲያ መጽሐፉን አጠፈችው። «ጋሼ፣ ይህ የፈተና ጥያቄ ነው ወይስ የሰው?»

የሺጥላ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ።

ማመልከቻ ጸሐፊ ከባዶ ገጽ አይጀምርም፤ ይህን ከሥራው ውጭ ያለ ሰው አያውቅም። እያንዳንዱ ሞዴል አለው፤ የሚቀየረው ስም፣ ቀንና ቦታ ነው። የሺጥላ ሞዴሉን ያገኘው ከሱ በፊት በዚያ ቦታ ይጽፉ ከነበሩ አዛውንት ነው። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትነካ አብራ ተሻግራለች፦ ተከሳሽ በፍጹም ቸልተኝነትና ጥንቃቄ በጎደለው አኳኋን ጉዳት ያደረሰብኝ ስለሆነ። ደንበኞች ይወዷታል። ጽሑፉን ሲያነብላቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የተጎዳ ሰው የጎዳው ሰው አጥፊ ተብሎ ሲጠራለት ደስ ይለዋል። ስለዚህ ውሻ ለነከሰውም፣ ላም ለወጋውም፣ ግንብ ለወደቀበትም ያችኑ አስገብቷል።

የኦቦ ቦጂያን ክስ ከፈተ። አለች።

«ቸል ብሏል ብዬ ስለጻፍኩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቸልታውን አስረዱ ተባሉ። ግንቡ የሱ ነው ብዬ ብቻ ብጽፍ ኖሮ፣ ግንቡ የሱ መሆኑን ማን ይክድ ነበር?» ሕጉ ያልጫነባቸውን ሸክም ወረቀቱ ጫነባቸው።

«ዳኛውም እኮ ማየት ነበረባቸው፤ ሕጉ የተሰጠው ለሳቸው ነው» አለች ፈቲያ።

«የተከራከሩት እኔ ባሰመርኩት መስመር ላይ ነው። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

አሁን ነገሩ የሚታረምበት መንገድ የለም። የይግባኙ ጊዜ አልፏል፤ የተፈረደ ነገር ደግሞ በአዲስ ክስ እንደገና አይከፈትም። አምስት ዓመት የተማረው፣ በዚያ ቀን የሚናገር ሰው ቢኖር ክሱ ይድን ነበር ብሎ ነው። ትምህርቱ ራሱ የነገረው ሌላ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ባዶ እጁን ሄደ። ከሰበታ መርካቶ፣ ከመርካቶ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ተራራውን ዞሮ ሱሉልታ። ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ተከፈተ፤ ነፋሱ እንደ ቢላዋ ነው፤ የድርቆሹ ክምር ከመንገዱ ዳር እንደ ጎጆ ተደርድሯል። ሞቱማ በስልክ በነገረው ግቢ በር ላይ ኦቦ ቦጂያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ትንሽ አጥረዋል።

«አከም ጅርተን ኦቦ ቦጂያ?»

ለአፍታ አፈጠጡበት። «ኮቱ፣ ኮቱ! አንተ ልጅ፣ ጃርሳ ሆነሃል፣ ሸምግለሃል እኮ! ያ ሁሉ ፀጉር የት ገባ?»

«ትምህርት ጨረሰው።»

«ጠበቃ ሆንክ ሲሉ ሰማሁ።»

«ወድቄያለሁ።»

ሳቁ፤ አጠገባቸው የድርቆሽ እስር ላይ አስቀመጡት፤ የሞቱማ ሚስት ትኩስ ወተት አመጣች። የሺጥላ ብርጭቆውን ሳይነካ ጀመረ። ላሟን ነገራቸው፤ ሦስቱን ክምር በጣቱ መሬት ላይ አሳያቸው፤ ከዚያ ግንቡ ላይ ደረሰ። የጻፋትን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል አላቸው።

«ሃያ ዓመት ስትጽፍ ኖረህ ማንበብ የጀመርከው አሁን ነው በለኛ» አሉ። ቀልድ ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም።

«አዎ።»

«እኔ ያን ሰውዬ ስድስት ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ከፉሪ ስወጣ ሊሰናበተኝ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቴን አዙሬ አለፍኩት። ቸል ብሎ ነው ሚስቴን የሰበራት ብዬ። እንዲያ ብለህ ስለጻፍክ እኮ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ወረቀቱ ያለው እሱን ነው።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ሳያጠፋም ይጠየቅ ነበር ካልክ፣ ሳንጣላ ልንጠያየቅ እንችል ነበር ማለት ነው።»

የሺጥላ ይህን አላሰበውም ነበር። በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበውም። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«የተሰበረው የኔ እግር አይደለም። ለኔ የነገርከኝን ለዲንቄ ንገራት። ዛሬ የለችም፤ ጫንጮ እህቷ ዘንድ ናት። ስትመለስ አስደውልልሃለሁ። ግን…» ጣታቸውን አነሡ፣ ድሮ ስሕተት ሲያርሙት እንደሚያነሡት። «የፍርድ ቤት ቃል እንዳታመጣባት። ያን ቀን የሰማችው ይበቃታል።»

እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙት። ሌላ ጊዜ ና አላሉትም፤ አትምጣም አላሉትም። ታክሲው ሲነሣ በመስኮቱ አያቸው፤ አሥራ አምስት ዓመት አጠገቡ የተቀመጡት ሰው በነፋሱ ውስጥ ጋቢያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ተራራው እስኪጋርዳቸው ድረስ አንገቱን አልመለሰም።

ለሁለተኛው ፈተና ተመዝግቧል፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ፈቲያ ከሥራ ስትወጣ እየደወለች የላምና የመኪና ጥያቄ ታዥጎደጉድበታለች፤ አሁን ከአሥሩ ዘጠኙን ያገኛል። ያችን ዐረፍተ ነገር ከሞዴሉ ሰርዟታል፤ የሚያስፈልጋት ክስ ሲመጣ ብቻ አስቦበት ይጽፋታል። በሁለት ደንበኞች መሀል ግን የሚሠራው ሌላ ነው። ባዶ ገጽ ከፍቶ ለአዴ ዲንቄ የሚነግረውን በኦሮምኛ ይሞክራል። የመጀመሪያው ሙከራ እንደ ማመልከቻ ነበር፤ ሰረዘው። ሁለተኛው ከዝናቡ ጀመረ፤ ዝናቡን የሚወቅስ መሰለውና ሰረዘው። ሦስተኛው ስለ ሕጉ ክምሮች ያብራራል፤ ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፤ ነገር ግን ምርኩዝ ይዘው ለሚቆሙ ሴት ምን ያደርግላቸዋል? ሰረዘው።

ከሱሉልታ ስልክ ገና አልመጣም። ዛሬ ጠዋት ከእግራቸው ለመጀመር እየሞከረ ነው፤ እንዴት ሆኑ፣ ብርዱ ይጠዘጥዝዎታል ወይ፣ ብሎ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ «ተሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለውን፣ እሳቸው ሳይደነግጡ በሚሰሙት ቃል ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ሁለት መስመር ጽፏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራሱ ያነበዋል፤ አንድ ቃል ይለውጣል፤ እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነበዋል።